ትርጉሙን ማን ጠየቀን?

በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ኮሮና የሚባለው ጉድ አገራችን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አክስቴን ልጠይቅ ደቡብ ወሎ፣ ደጎሎ ሄጄ ነበር። በዓለም ከተማ በኩል መጥቶ የወንጪትን ቁልቁለት የወረደና ዳገቱን የወጣ ሰው ጃማ ሲደርስ የሚቀበለው ሜዳ ነው። ጥር ላይ መረሬው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አክስቴ ቤት ስደርስ ቡናው ተቆልቶ፣ ረከቦቱ ቀርቦ ነበር።

አቦሉን ፉት እንዳልኩ የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ ያን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ አንቱ የአዲስ አበባ ሰው ነዎት፤ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። ኪው ያለበት ቃል ሃያ አምጡ ተብለናል። ቀድሞ የሞላ ነው ማርክ የሚያገኘው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ዘመድ ቤት የሚሄድ ሰው እንዲህ ያለች አጋጣሚ አያሳልፍም። ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አደረግሁና «ኩዊን፣ ኩዊክ፣ ኩዌስችን፣ ኩዋሊቲ፣ ኩዋንቲቲ፣ ኢኩዋል» ብዬ ዘረገፍኩለት። ልጁ ከደብተሩ ጋር አመሳከረና «እነዚህንማ ይዣቸዋለሁ» አለኝ። ሰባተኛ ቃል ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። የአክስቴ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኪው የለበትም።

«እስቲ ያለህን አሳየኝ» አልኩት፣ ዕውቀት እንዳነሰኝ እንዳይታወቅብኝ። አሥራ ሰባት ቃል ጽፏል። ከጓደኛው፣ ከጓደኛው ወንድም፣ ከስልክ፣ ከየትም ከየትም የለቀማቸው ናቸው። አንዷ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

«ይቺ ማናት?»

«ኩዋግማየር» አለ፤ ደብተሩንም ሳያይ ፊደሏን ቆጠረልኝ። ኪው፣ ዩ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኤም፣ አይ፣ አር፣ ኢ። አንድም አልሳተ። እኔ ብሆን አንዱን እሰብር ነበር።

ቶናውን ስትቀዳ የነበረችው አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀና አለች። «ምን ማለት ነው ልጄ?»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ስኒዬን አየሁ።

«እማ፣ ትርጉሙን ማን ጠየቀን? ኪው ይኑርበት ነው የተባልነው።»

ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። ኔትወርኩ ሄድ መጣ እያለ ቆይቶ ነገረኝ። ኩዋግማየር ማለት ለካ ማጥ ነው። ያ ክረምት ሲመጣ የጃማን መረሬ ጭቃ አድርጎ በሬውን እስከ ጉልበቱ የሚውጠው፣ ሰውን ጫማውን ተቀብሎ በባዶ እግሩ የሚሸኘው ማጥ። ይህንን ስነግራቸው አክስቴ ሳቀች። «ማጥን ነው እንዴ ፈረንጅ እንዲህ ተጨንቆ የጠራው!» ልጁ ግን አልሳቀም። ደብተሩን ደገመና አየው። ለሳምንት ሲሸከመው የሰነበተው ነገር ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ክረምት በመጣ ቁጥር እየዘፈቀው ያደገ ነገር ደብተሩ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያማ «ጋሼ፣ ሦስት ይቀረኛል» አለኝ። የቀሩትን አሥራ ስድስት ትርጉማቸውን እንፈልግ ብለው ጊዜ የለውም። ሃያው መሙላት አለበት።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት አይደለምና። አዲስ አበባ ብዙ ብር የሚከፈልባቸው ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ዜድ ያለበት ቃል፣ በኤክስ የሚያልቅ ቃል፣ አምስት ፊደል ያለው ቃል እያሉ ያጫውታሉ። ወላጅም ልጁ ረጅም ቃል ፊደል በፊደል ሲቆጥርለት እንግዳ ፊት ያስደግመዋል። «እስቲ ለጋሼ በልላቸው!» ልጅ ይላል፤ ጋሼ ያጨበጭባል። ትርጉሙን ቢጠይቅ ራሱም ስለማያውቀው ማጨብጨቡ ይሻለዋል።

እንግዲህ ጨዋታው መጥፎ ነው ልል አይደለም። እንዲያውም ከየት እንደመጣ ብታዩት ግሩም ነገር ነው። ስክራብል የሚባለውን የቃላት ጨዋታ የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አገሩን የኢኮኖሚ ድቀት መትቷት ሥራ ፈትቶ ሳለ ጋዜጣ እየዘረጋ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። በቆጠራው መሠረት ለጨዋታው ከተዘጋጁት 100 ጠጠሮች 12ቱን ለኢ ሰጠ፤ ለኪው ግን አንድ ብቻ። ኢ አንድ ነጥብ ሲያስገኝ፣ ኪውና ዜድ አሥር አሥር፣ ጄና ኤክስ ስምንት ስምንት ያስገኛሉ። የተወደደው ፊደል የማይገኘው ነው። ልብ በሉ፣ ሰውዬው የቆጠረው የራሱ ሰዎች በየቀኑ የሚያነቡትን ጋዜጣ ነው። ጨዋታው የተሠራው ቋንቋው ቤታቸው ለሆነ ሰዎች ነው። ቃሉን አስቀድመው ያውቁታል፤ ፊደሉን ነው የሚፈልጉት።

ቅርብ ጊዜ የመጣውን ወርድልንም እዩት። ጆሽ ዋርድል የሚባል ሰው አብራው የምትኖር ወዳጁ የቃላት ጨዋታ ስለምትወድ ሠራላት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል 12,000 ገደማ ነበረው። ታዲያ ለመልስነት የሚሆኑትን ሲመርጥ ምን አደረገ? ወዳጁን አስቀመጣትና የምታውቃቸውን ከማታውቃቸው እንድትለይ አደረገ። ወደ 2,500 ገደማ ቀሩ። ሌላው ተጣለ። ለምን ቢባል፣ የማያውቁትን ቃል መገመት ጨዋታ ሳይሆን ድካም ነዋ! ባለቤቶቹ የማያውቁትን ቃል ከጨዋታ ያወጣሉ፤ እኛ የማናውቀውን ቃል ወደ ትምህርት እናስገባለን።

«የለም፣ ትርጉም ሳያውቁም መጫወት ይቻላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው። ማስረጃውንም እኔው ልስጠው። ናይጄል ሪቻርድስ የሚባል የኒው ዚላንድ ሰው አለ፤ በስክራብል ዓለም አቻ ያልተገኘለት። እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይኛ የሚደረገውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም! በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የፈረንሳይኛውን የስክራብል መዝገበ ቃላት በቃሉ ይዞ ነው የሄደው። በ2024 ደግሞ በስፓኒሽ ያንኑ ደገመው። ስፓኒሽም አይናገርም። ሰውዬው ተአምር ነው፤ ባርኔጣ ቢወልቅለት አይበዛበትም።

ነገር ግን ማንም ሰው ሪቻርድስን «በል እንግዲህ ቃላቱን ካወቅህ ፊዚክስ በፈረንሳይኛ ተማር፤ ባዮሎጂም በስፓኒሽ ተፈተን» አላለውም። ዋንጫውን ይዞ አገሩ ገባ። የእኛ ልጅ ነው እንዲህ የሚባለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የሁሉም ትምህርት መስጫ አድርጎታል። የደጎሎው ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ ያቺ የኪው ደብተር ትዘጋና ማግስቱን ታሪኩም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። የዚያን ዕለት ኪው ያለበት ስንት ቃል እንደሚያውቅ የሚጠይቀው የለም። ዓረፍተ ነገሩ ምን እንዳለ ነው የሚጠየቀው። ማንም አስተምሮት የማያውቀውን ነገር ማለት ነው።

ውጤቱንም አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ሁሉንም ያጠፋው ቋንቋ ነው አልልም። ጦርነት አለ፣ ኮሮና አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የመምህሩ ችግር አለ። ግን ወገን፣ ጥያቄው ምን እንደሚል ያልገባው ልጅ መልሱን ያውቅ ይሆን አያውቅ ይሆን ማን ሊነግረን ነው?

መምህሩን ልወቅሰው ነበር። ከዚያ ልጁን «ክፍላችሁ ውስጥ ስንት ናችሁ?» አልኩት። «ሰባ ሁለት።» ዝም አልኩ። ሰባ ሁለት ልጅ ሃያ ሃያ ቃል ሲያመጣ ማረም ቀላል ነው፤ ኪው አለ? አለ። ራይት። ሰባ ሁለት ልጅ አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቢያመጣ ግን መምህሩ ሌሊቱን ሲያርም ሊያድር ነው። ለዚህ የሚከፍለው የለም። እሱም ራሱ የተማረው እንዲሁ ነው። ትርጉም ማረም አድካሚ ስለሆነ ፊደል እናርማለን። ይሄ ደግሞ ትምህርት ቤት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ሪፖርቱ ስንት ገጽ ነው እንጂ ምን ይላል የማይባልበት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ሥልጠና ወሰድክ እንጂ ምን ቻልክ የማይባልበት ቅጥር ሞልቷል። ኪው ይኑርበት እንጂ!

የሚቆጨኝ ደግሞ ይህ የቃል ጨዋታ ለማያውቅ ሕዝብ የመጣ ነገር አለመሆኑ ነው። በቃል ጨዋታማ ማን ብሎን! ያን ዕለት ማታ ኩራዝ በምታህል የሶላር መብራት ዙሪያ ልጆቹ ተሰብስበው አክስቴ «እንቆቅልሽ» አለች። «ምን አውቅልሽ» አሉ በአንድ ድምፅ። ጠየቀቻቸው። ገመቱ፣ ተሳሳቱ፣ ተሟገቱ። መልሱን ለማግኘት ስለ ንብ ማወቅ፣ ስለ ወፍጮ ማወቅ፣ ስለ ጥላ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲያቅታቸው «አገር ስጡኝ» አለቻቸው። አንዱ ወረኢሉን ሰጣት፤ አልበቃትም፤ ሌላው መካነ ሰላምን ጨመረላት። መካነ ሰላምን ተቀብላ፣ ሄዳ፣ በልታ ጠጥታ፣ መልሱን ነገረቻቸው። እንግዲህ አያችሁ፣ በእኛ ጨዋታ ትርጉሙን ያላወቀ አገሩን ይከፍላል! የዕዳውን ትልቅነት የቀድሞ ሰዎች ያወቁት ነው የሚመስለኝ።

ከፍ ሲል ደግሞ ቅኔ አለ። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ዋድላ ያለው እዚሁ ወሎ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሰማውን እየደገመ አይኖርም። ራሱ ቆጥሮ፣ የራሱን ይዞ፣ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩም ሰሙን ይጠይቀዋል፣ ወርቁንም ይጠይቀዋል። አንዱን ቃል ሁለት ትርጉም ካላሸከመው ተቀመጥ ነው የሚባለው። ነገሩን እንዲህ ብናነጻጽረው ያሳዝናል፦ የአባቶቻችን ጨዋታ ከአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ያወጣ ነበር፤ የእኛ ጨዋታ ከሃያ ቃል አንድም አያወጣም።

«እሱ የድሮ ነው፤ ዘመኑ የባዕድ ፊደል ነው» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ወሎ የባዕድ ፊደል ብርቁ አይደለም። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ዐጀም ይሉታል። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር በዚሁ መንገድ አማርኛ መንዙማ ደርሰው ሃይማኖቱን ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ አስተምረዋል። ፊደሉ የሰው ነው፤ በውስጡ ያለው ግን የራሳቸው ነው። ተውሰው ሞሉት። እኛ ደግሞ ተውሰን ባዶውን ይዘን እንዞራለን።

ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ልጁን ጠራሁት። ስክራብል ተጫዋቾች ኪውን የሚፈሯት ዩ ካልተከተላት ስለማትንቀሳቀስ ነው። ዩ ከሌላቸው እጃቸው ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ያለ ዩ የምትሄድባቸውን ጥቂት ቃላት እንደ ክታብ ይይዟቸዋል። ከእነዚህ አንዷ ኪው፣ ኤ፣ ቲ ተብላ የምትጻፈው ቃት ናት። ትርጉሟ? ጫት! ከዓረብኛው ተወስዳ ነው። ወዳጃ ላይ ዱአ ሲደረግ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ምርቃቱ ሲወርድ ልጁ ዘወትር የሚያያት ጫት የእንግሊዝኛ መዝገብ ውስጥ ገብታ የለንደኑን ሰው ከኪው ዕዳ ነፃ ታወጣዋለች። ጤፍም በእንግሊዝኛው መዝገብ አለች፣ ብርም አለች፣ ንጉሥም አለ። መካነ ሰላም ማዶ የቦረና ሳይንት ደን ውስጥ የሚዘለው ጭላዳም «ጌላዳ» ተብሎ ገብቷል። የለንደኑ ተጫዋች ጫትን አይቷት አያውቅ ይሆናል፤ ለእሱ ጨዋታ ነው፣ አይከፋም። የእኛ ልጅ ግን ሃያ ቃል ሲለቅም ደጁ ላይ ያለችዋን አላገኛትም። ከትርጉም ተነስቶ እንዲፈልግ ማንም አልነገረውማ።

ስነግረው ዘሎ ደብተሩን አመጣ። «ጋሼ፣ ጫት ኪው አላት?» «አላት።» «ዩስ?» «የላትም።» ያቺን ቃል የጻፈበት አጻጻፍ ከሌሎቹ ሁሉ ያምር ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ፖሊሲ አውጪ አይደለሁም። ግን ደብተሩ ላይ አንዲት መስመር ብትጨመር ምን አለበት? ሃያው ቃል ይቅርና አምስት ይሁን፤ ከአምስቱ ፊት ለፊት ግን ስለ ደጎሎ የሚናገር አምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ማጡን ይጻፍበት፣ የድንጋይ ካባውን ይጻፍበት፣ እኩል የተካፈሉትን መሬት ይጻፍበት፤ ሁሉም ኪው ያለበት እንግሊዝኛ አላቸው። ሰባ ሁለቱንም ማረም ካልተቻለ ልጆቹ እርስ በርስ ይተራረሙ። እንቆቅልሽ ላይ ማን ያርማቸዋል? ራሳቸው አይደሉም?

አማርኛውንም አንርሳው። ፊደላችን 33 በ7፣ 231 ነው፤ እንደ ፈረንጁ በጠጠር ቆጥረን እንጫወት ብንል ከረጢቱ አይበቃም። ግን ሌላ መንገድ አለን። ሰ፣ በ፣ ረን ለልጆች ስጧቸው። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስባሪ፣ ሰባበረ፣ አሰባበር እያሉ ይቀጥላሉ። ፊደል ሲፈልጉ ትርጉሙ አብሮ ይመጣል፤ ማምለጫ የለውም። እንዲህ የተጫወተ ልጅ እንግሊዝኛው ሲመጣም «አክት» ከ«አክሽን»፣ «አክሽን» ከ«አክተር» ጋር ዘመድ መሆኑን ያሸተዋል። ቃል ቤተሰብ እንዳለው አንድ ጊዜ በራሱ ቋንቋ ያወቀ በሰው ቋንቋ አይደናገርም።

ልጁን ከዚያ ወዲህ ብዙም አላገኘሁትም። ኮሮና መጣ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ጦርነቱ ወሎ ገባ፣ ደግሞ ተዘጋ። እየተቆራረጠም ቢሆን፣ ከእኩዮቹ ዘግይቶም ቢሆን፣ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈተነ። ደውዬ «እንዴት ነበር?» አልኩት። አሁን ድምፁ ጎርንኗል።

«ጋሼ፣ ቃላቱንማ አብዛኞቹን አያቸዋለሁ፤ እነሱም ያዩኛል። ግን አንተዋወቅም።»

የሚባል ነገር ጠፋብኝ። «አብሽር» አልኩት፤ ከዚያ የሚያጽናና መስሎኝ «ኩዋግማየርስ መጣች?» ብዬ ቀለድኩ።

ትንሽ ዝም አለና «እሷንማ ባወቅኋት፤ ማጥ አይደለች? አልመጣችም» አለኝ። «ግን እኔ ውስጧ ነበርኩ።»